የሚያንኰራፋ ሰውና የእስትንፋሱ ታሪክ

ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሸሽቶ በመርከብ በተሳፈረ ጊዜ፥ ማዕበሉ ባሕሩን ሲያናውጥ እርሱ በመርከቡ ውስጠኛ ክፍል ተኝቶ እንደ ነበረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ በከባድ እንቅልፍ መተኛቱን ብቻ ይናገራል፤ ሰባው ሊቃናት ወደ ጽርዕ የመለሱት ግን መተኛቱን ብቻ ሳይሆን ማንኰራፋቱንም ጨምሮ ይናገራል። ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል ያገቡት ያለ ምክንያት አይመስልም። በጥንቱ ሰው ዘንድ ማንኰራፋት የጽኑ እንቅልፍና የፍጹም ዕረፍት ምልክት ነበረና፥ በማዕበል መካከል ያለውን የነቢዩን መዘንጋት ለመግለጥ ከዚህ የሚበልጥ ቃል አላገኙም። ግዕዝም ለዚሁ ነገር ነኀረ የሚል ግስ አለው።

ይህ አሳብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም አልተለወጠም። በጅጋ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኰራፋ ያደረ ሰው «ደኅና እንቅልፍ ተኝተህ አደርህ» ይባላል እንጂ «ምን ሆነህ አደርህ» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይኸው ሰው ቀን በሸንጎ ሲቀመጥ ዐይኑ ይከደናል፤ በማኅሌት ጊዜ በመቋሚያው ተደግፎ ያንቀላፋል፤ መጽሐፍ ሲነበብ ራሱ ወደ ደረቱ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ደግሞ «ሰነፍ ነው፥ እንቅልፋም ነው» ተብሎ ይታማል። ሌሊቱን ለዕረፍት፥ ቀኑን ለስንፍና የሚሰጡት እነዚህ ሁለት ፍርዶች ሁለቱም ስሕተት ሊሆኑ እንደሚችሉ በመሣሪያ ተመርምሮ ከታወቀ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

በጽርዕ ቋንቋ ጵኖኤ ማለት እስትንፋስ ነው፤ «አ» በፊቱ ሲገባ አፍራሽ ይሆናልና አፕኒያ ማለት እስትንፋስ ማጣት ማለት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ሲሆን ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። አመጣጡም እንዲህ ነው። ሰው ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ምላስ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፥ የጕሮሮውም መንገድ ይጠባል። ነፋስ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ለስላሳው ሥጋ ይርገበገባል፤ ማንኰራፋት የሚባለው ድምፅ ይህ ነው። መንገዱ ፈጽሞ ሲዘጋ ድምፁ ጸጥ ይላል፤ ደረትና ሆድ ይታገላሉ፥ ነፋስ ግን አይገባም። ዐሥር ሴኮንድ፥ ሃያ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ተኝቶ ያለውን ሰው ጥቂት ያባንነዋል፤ እርሱም በኀይል ተንፍሶ እንደ ገና ያንቀላፋል። በማለዳ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። ይህ ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜ ሲደርስ በሽታው ጀምሯል ይባላል፤ ከ15 ጊዜ ጀምሮ መካከለኛ፥ ከ30 ጊዜ ጀምሮ ጽኑ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በስምንት ሰዓት እንቅልፍ 240 ጊዜ መታፈን ማለት ነው። እንዲህ ያደረ ሰው ቀን ቢያንቀላፋ ምን ያስደንቃል?

በጎጃም ገጠር ሰው ሌሊት ታፍኖ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ለዱካክ ይሰጣል። ዱካክ የሚባለው ግን ሰው ነቅቶ ሳለ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፥ በደረቱም ላይ የተጫነ ነገር ያለ ሲመስለው ነው፤ የራሱ ጠባይ ያለው ሌላ ነገር ነው። ዱካክ የተጫነው ሰው ያየውንና የደረሰበትን ጠዋት ይተርካል። እስትንፋሱ የሚቋረጥበት ሰው ግን ምንም የሚተርከው የለውም፤ የሚያውቀው በአጠገቡ የተኛው ነው። ስለዚህ የዚህ በሽታ ምስክር ባለበሽታው ሳይሆን ሚስቱ ናት፤ በዋሸራ ወይም በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ከሆነም በአንድ ጎጆ አብሮት የሚያድር የቈሎ ተማሪ ነው።

ስለዚህ በሽታ ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ የሚያስገርመው የሄራክልያው ገዥ የዲዮናስዮስ ታሪክ ነው። ሄራክልያ በጥቍር ባሕር ዳር ያለች የጽርዕ ከተማ ነበረች፤ ዲዮናስዮስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፥ በእስክንድር ዘመን፥ 33 ዓመት ገዛት። ከምግብ ብዛት የተነሣ እጅግ ወፈረ፤ ከውፍረቱም የተነሣ መተንፈስ አስቸገረው፥ በከባድ እንቅልፍም ተያዘ። ሐኪሞቹ ረጃጅምና ቀጫጭን መርፌዎች አዘጋጅተው፥ እንቅልፉ ሲጸናበት በጎኑና በሆዱ ይወጉት ነበር። መርፌው በስቡ ውስጥ ሲያልፍ ምንም አይሰማውም፤ ከስቡ አልፎ ሥጋውን ሲነካ ብቻ ይነቃል። ጕዳይ ያለው ሰው ሲመጣም ሰውነቱን በሣጥን ከልሎ ፊቱን ብቻ እያሳየ ይነጋገር ነበር። ይህን አቴናዮስ የተባለው ጸሐፊ የሄራክልያን ታሪክ ከጻፈው ከንምፊስ ወስዶ ይተርካል። እነዚያ ሐኪሞች መድኀኒቱን አላወቁም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር በትክክል ተመልክተዋል፤ ውፍረትና እንቅልፍ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውን፥ ይህም ሰው ካልተቀሰቀሰ የሚያሰጋው ነገር መኖሩን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በመሣቂያነት ብዙ ዘመን ኖረ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1836 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መውጣት በጀመረው በፒክዊክ ወረቀቶች መጽሐፉ ውስጥ፥ ቆሞ የሚያንቀላፋ ጆ የሚባል ወፍራም አሽከር አግብቷል። አንባቢው ሁሉ ሣቀበት። በ1956 በአሜሪካ ሲድኒ በርዌልና ባልንጀሮቹ አንድ በጣም የወፈረ ነጋዴ ወደ ሐኪም ቤት መምጣቱን ጻፉ፤ ሰውዬው የመጣው ካርታ ሲጫወት እጅግ መልካም ዕጣ ደርሶት ሳለ እንቅልፍ ስለ ወሰደውና ትርፉን ስላጣ ነበር። በሽታውንም በዲክንስ መጽሐፍ ስም ፒክዊካዊ ብለው ጠሩት። ምክንያቱን ሲናገሩ ግን ስቡ ደረትን ተጭኖ ክፉ አየር በደም ውስጥ ስላከማቸ ነው አሉ። ይህ በከፊል እውነት ነበረ፤ ዋናውን ነገር ግን አላዩትም፤ በሽተኛውን የመረመሩት ሲነቃ ነበርና። ሐኪም ሌሊቱን ተቀምጦ የተኛውን ሰው ማየት አልለመደም ነበር።

ይህ ልማድ የተለወጠው በ1965 ነው። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ ጋስቶና ጓደኞቹ፥ በጀርመንም ዩንግና ኩህሎ፥ እንዲህ ያሉትን ሰዎች የአንጎላቸውንና የትንፋሻቸውን ሥራ በሚጽፍ መሣሪያ ሌሊቱን ሁሉ ተከታተሏቸው። ያን ጊዜ እስትንፋሱ በየጊዜው እንደሚቋረጥ፥ እንቅልፉም እንደሚቈራረስ በወረቀት ላይ ተጽፎ ታየ። ኩህሎ በ1969 ከጕሮሮ መዘጋት በታች አንገትን በመብሳት ነፋስ በዚያ እንዲገባ ቢያደርግ በሽተኞቹ ወዲያው ተሻላቸው። ይህም ጥፋቱ በጕሮሮ መንገድ ላይ እንደ ሆነ አረጋገጠ። ነገር ግን አንገቱ ተበሥቶ ዕድሜውን ሁሉ መኖር ማን ይወዳል? በ1976 ጊይሚኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በአሜሪካ በስታንፎርድ ሆኖ ለበሽታው ዛሬ የሚጠራበትን ስም አቋቋመለት፤ ወፍራም ባልሆኑ ሰዎችና በልጆችም ላይ እንደሚገኝ አስረዳ።

እዚህ ላይ በጎጃም አገር የታወቀ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ በአገር ሐኪም እጅ እንጥሉ የሚቈረጥበት ልማድ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ኖሯል። ደም ሲፈስና ቍስሉ ሲመረቅዝ ስንት ሕፃን እንደ ተጐዳ የየሰፈሩ እናቶች ያውቁታል፤ ከጎጂ ልማዶች አንዱ ሆኖ የተቈጠረውም ስለዚህ ነው። የሚገርመው በ1981 ፉጂታ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በአሜሪካ በዴትሮይት ከተማ ስለ ስሊፕ አፕኒያ እንጥልን ከለስላሳው ላንቃ ክፍል ጋር የሚቈርጥ ቀዶ ሕክምና ማሳተሙ ነው። ባላገሩ ከእርሱ ቀድሞ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። የአገሩ ሰው የቈረጠው ስለ ሳልና ስለ ጕሮሮ ቍስል እንጂ ስለ እንቅልፍ አልነበረም። ደግሞም የፉጂታ ሥራ ለአንዳንዱ ጠቅሞ ለሌላው ሳይጠቅም ቀረ፤ ጕሮሮ የሚዘጋው በእንጥል ዘንድ ብቻ ሳይሆን ከምላስ በስተ ኋላም ነውና። እንጥል ተቈርጦ ምላስ ወደ ኋላ ከወደቀ መንገዱ እንደ ተዘጋ ነው።

በዚያው በ1981 ኮሊን ሳሊቫን የተባለ የአውስትራልያ ሐኪም የተሻለ መንገድ አሳየ። በሲድኒ ከተማ ከ1980 ጀምሮ የሞከረው ነገር ቀላል ነው፤ አቧራ በሚስብ መሣሪያ ሞተር ነፋስን እየገፋ፥ በቱቦና በአፍንጫ ጭምብል ወደ በሽተኛው ጕሮሮ አስገባ። የነፋሱ ግፊት የጕሮሮውን ግድግዳ ከውስጥ ደግፎ እንዳይወድቅ ያደርገዋል፤ በድንኳን ውስጥ እንደሚቆም ምሰሶ ማለት ነው። አምስት በሽተኞች በዚህ ዘዴ ሌሊቱን ያለ መታፈን አደሩ። ዛሬ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንድረስ። ሰውነት የበላውን ምግብ ፈጭቶ፥ ከፊሉን ለኀይል፥ ከፊሉን ለመጠባበቂያ የሚያደርግበት ሥራ ፈረንጆች ሜታቦሊዝም ይሉታል። ይህ ሥራ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ አይቋረጥም። በ1999 ሽፒገልና ቫን ካውተር በቺካጎ 11 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ሌሊት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አድርገው መረመሯቸው፤ ስኳርን ከደም የማንሣት ኀይላቸው በእጅጉ ቀነሰ። ስሊፕ አፕኒያ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ከእንቅልፍ መጕደል ሌላ የኦክሲጅን መውረድና መመለስ አለ። እያንዳንዱ መታፈን ለሰውነት እንደ ጦር ጥሪ ነው፤ አድሬናሊን ይፈስሳል፥ ልብ ይፈጥናል፥ ጕበት ስኳሩን ወደ ደም ይለቃል፥ ስቡም ይቀልጥና በደም ይንሳፈፋል። ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ስኳሩን ወደ ሥጋ እንዲያስገባ ቢታዘዝ ሥጋው አልቀበል ይለዋል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከዚህ በሽታ ጋር አብረው የሚገኙበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል። ስብ በሆድ ብቻ አይከማችም፤ በአንገት ዙሪያና በምላስ ውስጥም ይገባል። በ2014 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርስቲ ሽዋብና ባልደረቦቹ የስሊፕ አፕኒያ ሕሙማን ምላስ ተመሳሳይ ውፍረት ካላቸው ሌሎች ሰዎች ምላስ ይልቅ ስብ የበዛበት መሆኑን አሳዩ። በ2020 ደግሞ ሰዎቹ ከክብደታቸው ከመቶ 10 ያህል ሲቀንሱ የምላሳቸው ስብ እንደሚቀንስ፥ የመታፈናቸውም ቍጥር ከመቶ 31 ያህል እንደሚወርድ ተናገሩ። እንግዲህ ውፍረት እስትንፋስን ያፍናል፤ መታፈኑ ደግሞ ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚያዝበትን ሥርዐት ያናጋል፤ በቀን የደከመ ሰውም አይንቀሳቀስም፥ ይበላልም። ክፉውን ነገር የሚያከፋው አንዱ ሌላውን መመለሱ ነው።

ታዲያ ነፋሱን በመሣሪያ ቢሰጡት የሰውነቱ ሥራ ይስተካከላል ወይ? ብዙ ሰው አዎን ብሎ ጠብቆ ነበር። በ2011 በሕንድ አገር የተደረገና በታላቅ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፥ ሲፓፕ የስኳርን፥ የስብንና የደም ግፊትን ችግር በአንድነት እንደሚያሻሽል ተናገረ። ነገር ግን በ2013 ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በቍጥሩ ስሕተት ስለ ተገኘ ጽሑፉን መለሱት። በ2014 ቺሪኖስና ጓደኞቹ 181 ወፍራም ሕሙማንን በሦስት ወገን ከፍለው ለ24 ሳምንት ተከታተሉ፤ አንዱ ወገን በሲፓፕ ብቻ፥ አንዱ ክብደት በመቀነስ ብቻ፥ አንዱ በሁለቱም ታከመ። ክብደት የቀነሱት በኢንሱሊን አቀባበላቸውና በደማቸው ስብ ተሻሻሉ፤ በሲፓፕ ብቻ የታከሙት ግን በዚህ ነገር አልተሻሻሉም። እንዲያውም በ2015 ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፥ በሲፓፕ የሚታከም ሰው ክብደቱ በጥቂቱ እንደሚጨምር ታወቀ፤ ሌሊቱን ከመታገል ያረፈ ሰውነት የሚያቃጥለው ኀይል ያንሳልና።

በዚህ ብቻ ቆሞ «መሣሪያው ከንቱ ነው» ማለት ግን ችኩል ፍርድ ነው። በ2015 ፓሚዲና ባልደረቦቿ የስኳር በሽታ ጫፍ ላይ የደረሱ 39 ሰዎችን በምርመራ ቤት አስተኝተው ሌሊቱን ሙሉ 8 ሰዓት ጭምብሉን እንዲያደርጉ ቢያስደርጉ፥ በሁለት ሳምንት የስኳር አያያዛቸው ተሻሻለ። በ2016 የታተመው ሌላ ታላቅ ጥናት ግን 2,717 ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሎ ሲፓፕ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋን አልቀነሰም አለ፤ ሰዎቹ ጭምብሉን ያደረጉት በሌሊት በአማካይ 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። መድኀኒት ከግማሽ ሌሊት በታች ተወስዶ መድኀኒቱን ማማት ፍርድ አይሆንም። የቀን እንቅልፍን ማስወገዱና የደም ግፊትን በመጠኑ ማውረዱ ግን የሚያከራክር አይደለም። ምላሹ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጭምብሉ እንቅልፉን ይመልሳል፥ ስቡን ግን አይወስድም።

ስቡን ስለ መቀነስ የመጣው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በ2009 ፎስተርና ባልደረቦቹ 264 የስኳር ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፥ በምግብና በእንቅስቃሴ 10.8 ኪሎ ያህል የቀነሱት ሰዎች መታፈናቸው ቀነሰ፤ ያልቀነሱት ባሰባቸው። በ2024 ደግሞ ቲርዜፓታይድ የተባለ በመርፌ የሚሰጥ፥ የምግብ ፍላጎትን የሚያበርድ መድኀኒት በ469 ሰዎች ላይ ለ52 ሳምንት ተሞክሮ መታፈኑን በሰዓት ከ25 እስከ 29 ጊዜ ያህል ቀነሰ። የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለወፍራም የስሊፕ አፕኒያ ሕሙማን ፈቀደው፤ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያ መድኀኒት ነው። ከዲዮናስዮስ መርፌ እስከዚህ መርፌ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል።

ይህ ሁሉ የሌላ አገር ነገር ነው፥ የጅጋ ገበሬ በቆሎውንና በርበሬውን ሲያርም ውሎ ምን ያወፍረዋል የሚል ሰው ይኖራል። ስለ ገበሬው ነገሩ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። በ2000 በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ቈጠራ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 30 ቀጫጫ፥ ከመቶ 3 ብቻ ወፍራም ሆነው ተገኙ። በ2016 ግን ቀጫጫዎቹ ወደ 22 ወረዱ፥ ወፍራሞቹ ወደ 8 ወጡ። በአዲስ አበባ በ1,935 የባንክ ሠራተኞችና መምህራን ላይ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ የስኳር፥ የስብና የደም ግፊት ችግር የተሰበሰበባቸው ሰዎች በአንዱ መለኪያ ከመቶ 12.5፥ በሌላው 17.9 መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ወንበርና መኪና በደረሱበት ሁሉ ነገሩ ይከተላል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም ከታላቁ መንገድ ዳር ያሉ የንግድ ከተሞች ናቸው።

ጾም ከዚህ ያድናል ብሎ የሚታመን ሰውም አይጠፋም። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ፥ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ቀን ያህል ይጾማሉ። ጾም ግን የተሠራው ለነፍስ እንጂ ለሚዛን አይደለም፤ ዘይቱና እንጀራው ማታ ያለ ልክ ከተበላ፥ ወዲያውም ከተተኛ፥ ሰውነት የጾመኛውን ስም አይቶ አያዝንለትም። ከጾም መፈሰኪያ በኋላ በጠላና በአረቄ ማምሸት ደግሞ ይብሳል፤ አልኮል የጕሮሮን ጡንቻ ያላላልና፥ በሌላ ጊዜ የማያንኰራፋውን እንኳ ያንኰራፋዋል።

የደጋው አየርም የራሱ ድርሻ አለው። በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ደም የሚይዘው ኦክሲጅን ቀድሞ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ እኩል የሆነ መታፈን በደጋ ይልቁን ያወርደዋል። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት በስሜን ተራራ በአምባራስ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ባላገሮችን መርምራ፥ ደማቸው ከኦክሲጅን ከመቶ 95.3 ያህል የጠገበ፥ የደማቸውም ቀይ ቀለም እንደ ቈላ ሰው መጠነኛ ሆኖ አገኘችው። በአንድዮስ ተራራ በአሜሪካ ያሉት ደማቸው ይወፍራል፤ በቲቤት ያሉት የኦክሲጅናቸው ጥጋብ ይወርዳል፤ የስሜን ሰው ግን በሦስተኛ መንገድ ኖረ። ፍኖተ ሰላም ያለችው ግን በ1,900 ሜትር ገደማ ነውና፥ የጅጋና የፍኖተ ሰላም ሰው በዚህ መጽናናት የሚችል አይደለም።

አሁን የሚቀረው ሕመምተኛውን ማወቅ ነው። በ2019 በዓለም ከ30 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገምቷል፤ ከእነርሱ 425 ሚሊዮኑ መካከለኛና ጽኑ የሆነው የያዛቸው ናቸው። ሁሉንም ሌሊቱን በመሣሪያ መመርመር የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በ2008 በካናዳ ፍራንሲስ ቹንግና ባልደረቦቿ ስምንት ጥያቄ አወጡ፤ ያንኰራፋል ወይ? ቀን ይደክመዋል ወይ? ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየው ሰው አለ ወይ? የደም ግፊት አለበት ወይ? እጅግ ወፍራም ነው ወይ? ከ50 ዓመት አልፏል ወይ? አንገቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ወይ? ወንድ ነው ወይ? ሦስት አዎን ከተባለ ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ከሜትር ክር፥ ከሚዛንና ከደም ግፊት መለኪያ በቀር ምንም አይፈልግም፤ በመንደር ጤና ጣቢያም ይሆናል። ቀጭን ሰውም አገጩ ወደ ኋላ የገባ፥ ልጅም የጕሮሮው እጢ ያበጠ ከሆነ በዚህ በሽታ ይያዛልና፥ በክብደት ብቻ አይለይም። ከስምንቱ ጥያቄ ሦስተኛውን ግን ባለበሽታው ሊመልሰው አይችልም፤ ለእርሱ ሚስቱ ወይም አብሮት የሚያድር ሰው ከደጅ ተጠርቶ መግባት አለበት።